ቤቱ ተቃጥሎ የዘመተው ከሰል አክሳይ

ሊ ሺዩቼንግ በ19ኛው መቶ ዘመን ቻይናን ወዳናወጠው የታይፒንግ አመጽ የገባበትን ምክንያት ራሱ በእጁ ጽፎ ትቶልናል። ስለ ሃይማኖት አያወራም። ስለ ፍትሕም፣ መንግሥት ስለ መጣልም አያወራም። ቤታችን ድሃ ነበር፣ የምንቀምሰው አልነበረም፣ ስለዚህ ተከተልኳቸው ነው የሚለው። በቃ።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ሰው ነው። በ1823 በደቡብ ቻይና፣ ጓንግሺ ግዛት ውስጥ ቴንግ በሚባል ወረዳ ተወለደ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ ልቀንስላችሁ ብል ራሴም እጠፋለሁ)። ቤተሰቡ ተራራ ላይ ጭብጥ የማትሞላ መሬት ይቆፍራል፣ ከሰል ያከስላል፣ እሱም ሲጠፋ ለሰው ቀን ሥራ ይሠራል። ፊደል የቆጠረው አጎቱ ዘንድ ነው፣ እሱም ጥቂት ጊዜ ብቻ። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ከዓመታት በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጦር እየመራ የቻይናን ሀብታም ከተሞች አንድ በአንድ የያዘው፣ የሻንጋይን በር ሁለቴ ያንኳኳው፣ «ታማኙ ንጉሥ» የሚል ማዕረግም ያገኘው። የሚገርመው ግን ቻይናውያን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «እውነት ታማኝ ነበር ወይስ ባንዳ?» እያሉ መጨቃጨቃቸው ነው።

እሱን ለመረዳት መጀመሪያ አመጹን መረዳት አለብን። ትንሽ ታገሱኝ።

ያኔ ቻይናን የሚገዛው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ነው። ነገሥታቱ ከሰሜን ምሥራቅ መጥተው በ1644 ቤጂንግን የያዙ ማንቹዎች ናቸው። እንደገቡ ለአገሬው ወንድ ሁሉ አንድ ትዕዛዝ አወጡ። ግንባርህን ተላጭ፣ ከኋላ ያለውን ፀጉር አሳድገህ ጎንጉነው። እምቢ ያለ አንገቱን ይቀላል። ይህን የፀጉር ነገር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ሁለት መቶ ዓመት አለፈ። ሕዝቡ ከአራት መቶ ሚሊዮን በላይ ሆነ፣ መሬቱ ግን ያው ነው። ከዚያ እንግሊዞች በኦፒየም ጦርነት (ከ1839 እስከ 1842) መንግሥቱን አሸነፉት። ጦርነቱ የተደረገው ባሕር ዳር ቢሆንም ዱላው ያረፈው ገበሬው ጀርባ ላይ ነው። እንዴት መሰላችሁ? ገበሬው እህሉን የሚሸጠው በመዳብ ሳንቲም ነው፣ ግብር የሚከፍለው ግን በብር (ማዕድኑን ማለቴ ነው) ሒሳብ ነው፤ ብሩ ደግሞ በኦፒየም ዋጋ እየተመዘነ ከአገር ይወጣል። ብር በተወደደ ቁጥር፣ ማንም ባለሥልጣን ግብር ሳይጨምር፣ ግብሩ ይጨምራል። በዚያ ላይ ዋናው የውጭ ንግድ ከደቡቧ ጓንግጆ ወደ ሻንጋይ ሲዞር፣ በደቡብ መንገድ ሻይ ተሸክሞና ጀልባ ቀዝፎ የሚያድረው ሰው ሁሉ ሥራ ፈታ። ጓንግሺ ደግሞ ድሮውንም የወንበዴ አገር ነው፤ ነባሩና ሰፋሪው በመሬትና በውሃ ይገዳደላል።

እዚህ ማሃል ሆንግ ሺዩቹዋን የሚባል የገጠር መምህር ብቅ አለ። የመንግሥት ሥራ ለማግኘት የሚያበቃውን ፈተና አራት ጊዜ ወድቋል። በ1837፣ ከሦስተኛው ውድቀት በኋላ፣ ታሞ አልጋ ላይ ወድቆ ሳለ ራእይ አየ። ወርቃማ ጺም ያላቸው አዛውንት ሰይፍ ሰጥተውት አጋንንትን ግደል አሉት። በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ደግሞ እንደ ታላቅ ወንድም አጠገቡ ሆኖ ረዳው። በ1843 አንድ የፕሮቴስታንት ስብከት መጽሐፍ አነበበና ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ አለ። አዛውንቱ እግዚአብሔር ናቸው፣ ታላቅ ወንድሙ ኢየሱስ ክርስቶስ ነው፣ እሱ ራሱ ደግሞ የኢየሱስ ታናሽ ወንድም ነው። (እዚህ ላይ ማማተብ ካማራችሁ አልፈርድባችሁም።) አጋንንቶቹስ? ማንቹዎቹ ናቸዋ።

ከሰል አክሳዩ፣ ማዕድን ቆፋሪው፣ መሬት ያጣው ሰፋሪ ተከተለው። በጥር 1851 ጂንቲየን በተባለ መንደር አመጹ በይፋ ታወጀ። ስሙንም «የታላቅ ሰላም ሰማያዊ መንግሥት» አሉት፣ በቻይንኛ ታይፒንግ ቲየንጉዎ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከጦርነቱ፣ ከረሃቡና ከወረርሽኙ ጋር ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ለስሙ ታላቅ ሰላም!

አሁን ወደ ሰውያችን እንመለስ። በዚያው ዓመት የአማጽያኑ ጦር በሊ መንደር በኩል ሲያልፍ እዚያው አካባቢ አምስት ቀን ሰፈረ። እህልና ልብስ ከየቤቱ ይሰበስባሉ፤ ሰው ተራራ ላይ ወስዶ የደበቀውንም ፈልገው ያመጣሉ። ከዚያ ደግሞ እግዚአብሔርን የሚያመልክ አይሽሽ፣ ከእኛ ጋር አብሮ ይብላ፣ ሰው ከገዛ ቤተሰቡ ይሸሻል ወይ ይላሉ። እስቲ አስቡት፣ ጎተራህን ያራቆተው ሰው ራሱ ና አብረን እንብላ ሲልህ። የት ትሄዳለህ?

ጦሩ ሊነሳ ሲል ሌላ ትዕዛዝ መጣ። እግዚአብሔርን ያመለከ ሰው ሁሉ ቤቱ ይቃጠል ተባለ። ተቃጠለ። ሊ ይህን ሲጽፍ ምሬትም ጀግንነትም አያሳይም። የገጠር ሰው ሩቅ መንገድ አያውቅም፣ መቶ ሊ (50 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው) ከሄደ በኋላ መመለሻው ይጠፋዋል፣ ከኋላ ደግሞ የመንግሥት ጦር እየተከተለ ነው፣ ታዲያ እንዴት አትፈራም ይላል። እኔ ስለ አመጽ ካነበብኳቸው ገለጻዎች ሁሉ ሐቀኛው ይሄ ይመስለኛል። ብዙ ሰው አብዮተኛ የሚሆነው አምኖ ነው ብለን እናስባለን። ይሄ ሰው የሆነው ቤት ስለሌለውና መንገዱ ስለጠፋበት ነው።

ጦሩ አምስት አምስት እየሆነ የተደራጀ ነው፣ ትንሹ አለቃ አራት ሰው ያዛል፣ ከእሱ በላይ ሌላ አለቃ አለ፣ እያለ ይቀጥላል። የተማረከው ሀብት ሁሉ «ቅዱስ ግምጃ ቤት» ይገባል፣ ለራሱ የደበቀ ይቀጣል። ኦፒየም ክልክል፣ ትምባሆ ክልክል፣ የሴት እግር ማሰር ክልክል። ወንድና ሴት ለየብቻ ይሰፍራል፣ ባልና ሚስት ቢሆኑም። (ሆንግ ግን ብዙ ሚስቶች ነበሩት። እንዲህ ነው ነገሩ።) ሁሉም ጎንጉኑን ፈትቶ ፀጉሩን ያሳድጋል፤ መንግሥት «ረጃጅም ፀጉር» እያለ ይጠራቸው ጀመር። በመጋቢት 1853 ናንጂንግን ያዙና ዋና ከተማቸው አደረጓት፣ ሰማያዊቷ መዲና ብለው።

ለእንደ ሊ ያለ ሰው ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። በቺንግ ዘመን ከሰል አክሳይ ጄኔራል አይሆንም። ለሹመት ፈተና አለ፣ ለፈተናው የብዙ ዓመት ትምህርት አለ፣ ለትምህርቱ ገንዘብ አለ። እዚህ ግን ግንብ ላይ ቀድሞ የወጣ፣ በማግሥቱ አለቃ ነው። የአመጹ ሁለተኛ ሰው ያንግ ሺዩቺንግ ራሱ ወላጅ አልባ ከሰል አክሳይ ነበር። በነገራችን ላይ ሆንግ ሺዩቹዋን፣ ያንግ ሺዩቺንግ፣ ሊ ሺዩቼንግ እያልኩ ካምታታኋችሁ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የሊን ስም ያወጣለት ሆንግ ነው፣ የራሱን «ሺዩ» ቀንሶ ነው የሰጠው። ያኔ ትልቅ ክብር ነው።

ሊ ከተራ ወታደርነት ተነስቶ ቀስ በቀስ ወጣ። በርትቶ የሚሠራ፣ ከወታደሩ ጋር የሚበላ ዓይነት ሰው ነበር። ወደ ላይ የወረወረው ግን ብርታቱ ብቻ አይደለም። በ1856 መሪዎቹ እርስ በርስ ተባሉ። ያንግ «እግዚአብሔር በእኔ አፍ ይናገራል» ይል ነበር፣ እግዚአብሔርም በያንግ አፍ አንዳንዴ ሆንግን ይገሥጸው፣ በጅራፍ ይገረፍ እስከ ማለት ይደርስ ነበር። የኢየሱስን ወንድም ማን ይገርፋል? ሆንግ መታገሥ አቃተው። በመስከረም አንድ ሌሊት ያንግ ከነቤተሰቡ ታረደ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት 20,000 የሚደርስ ተከታዩ እንዳለቀ ይነገራል። ገዳዩ ዌይ ቻንግሁዪ ደግሞ ወዲያው ራሱ ተገደለ። ከነባሮቹ መሪዎች የቀረው ሽ ዳካይ ቤተሰቡ የተፈጀበት ሰው ነው፤ በ1857 ምርጥ ጦሩን ይዞ ጥሎ ሄደ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ቤቱ ባዶ ሆነ። ባዶውን የሞሉት ሁለት የቴንግ ወረዳ ልጆች ናቸው። አንዱ ሊ። ሁለተኛው በአሥራ አራት ዓመቱ የዘመተው ወላጅ አልባ ቼን ዩቼንግ፣ ከዓይኖቹ ሥር ባለው ምልክት የተነሳ ጠላት «ባለ አራት ዓይን ውሻ» ይለው የነበረው። በኅዳር 1858 ሳንሄ ላይ ሁለቱ ተጋግዘው ከመንግሥት ወገን ምርጥ የተባለውን የሁናን ጦር አንድ ክፍል እንዳለ ደመሰሱት፤ ወደ 6,000 ሰው ሞተ፣ አዛዡም አብሮ።

«ታማኙ ንጉሥ» የሚለው ማዕረግ የመጣውም በዚህ ሰሞን፣ በ1859 ነው፤ አመጣጡ ደግሞ ያስቃል። ወደ መንግሥት የከዳ አንድ የቀድሞ ባልደረባ ለሊ «ና አንተም» የሚል ደብዳቤ ይልክለታል። ወሬው ናንጂንግ ይደርሳል። ሆንግ ወንዙ ይዘጋ፣ የሊ ጦር እንዳይሻገር፣ እናቱና ሚስቱ ይያዙ ብሎ ያዛል። ሊ ንቅንቅ አላለም። ሆንግም ሲረጋጋ፣ በቢጫ ሐር ላይ ስለ ዘላለም ታማኝነቱ በእጁ ጽፎ ላከለት፤ ማዕረጉም ተከተለ። እንግዲህ ታማኝ የተባለው ስለተጠረጠረ ነው። ከዚያ በኋላም ቤተሰቡ ሁልጊዜ እዚያ ከተማ ውስጥ ነው። መያዣ ማለት ባንፈልግም መያዣ ነው።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። በ1860 መጀመሪያ ናንጂንግ ተከብባለች። የከበባት ጦር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው፣ ምሽጉ ጥልቅ ነው፣ ፊት ለፊት ቢገጥሙት ያልቃሉ። ሊ ይህ ጦር ከየት ነው የሚበላው ብሎ ጠየቀ። ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከሃንግጆ አገር ነው የሚበላው። ስለዚህ ጥቂት ሺህ ፈጣን ሰው መርጦ፣ ከበባውን በጎን አልፎ፣ በተራራ መንገድ ዞሮ ሃንግጆ ደጃፍ ላይ ድንገት ተገኘ። ከግንቡ ሥር ቆፍረው ባሩድ ቀበሩ፣ መጋቢት 19 ግንቡን ንደው ገቡ። ከበባው ላይ ያለው ጦር ደነገጠ፣ ቀለቡ ሊቆረጥ ነዋ፤ ብዙ ሺህ ሰው ቆርሶ ወደ ሃንግጆ አስሮጠ። ሊ የፈለገው ይህንኑ ነው። ባንዲራ በብዛት አሰፋና ግንቡ ላይ ሰካ፣ ከተማዋ በጦር የተሞላች እንድትመስል፣ ከዚያ ውልቅ ብሎ ሄደ። የመጡት ባንዲራውን እያዩ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ለመግባት ፈርተው ውጭ አደሩ። እነሱ ባዶ ግንብ ሲጠብቁ ሊ ወደ ናንጂንግ እየገሰገሰ ነው። በግንቦት ከቼንና ከሌሎቹ ጋር ከየአቅጣጫው ገጥመው የሳሳውን ከበባ በታተኑት። ከዚያ ማን ያቆመዋል? በሰኔ 2 ሱጆን ያዘ፣ በሐርና በአትክልት ቦታ የታወቀችውን። ግቢ ሠራ፤ የግቢው ክፍል ዛሬም ቆሞ አለ፣ ሰው ይጎበኘዋል።

ሱጆ ላይ ገበሬው ሥራውን እንዲቀጥል ግብር ቀነሰ፣ ለተቸገረ እህልና ገንዘብ አበደርኩ ይላል። አልዋሸም፣ ሰዉ በስሙ የምስጋና የድንጋይ በር አቁሞለታል። ግን ጻድቅ አናድርገው። ጦሩ ባለፈበት መንደር ተቃጥሏል፣ ወጣት በግድ ተይዞ ዘምቷል፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ስደተኛ ወደ ሻንጋይ ጎርፏል። የቤት መቃጠልን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ባይኖርም።

ከሱጆ ቀጥሎ ሻንጋይ ናት። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች እዚያ አሉ። ሊ ችግር ይፈጥራሉ ብሎ አላሰበም፤ እነሱም ክርስቲያን፣ እኛም ክርስቲያን፣ ምን አጣልቶን ባይ ነው። ደብዳቤ ጻፈላቸው፣ ወታደሮቹንም ፈረንጅ እንዳትነኩ አለ። በነሐሴ 1860 ግንቡ ሥር ሲደርስ መድፉ ከላይ ወረደበት። ልብ በሉ፣ በዚያው ሳምንት ሌላው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር በሰሜን ከቺንግ መንግሥት ጋር እየተዋጋ የዳጉን ምሽግ ይሰብራል፤ በጥቅምት ደግሞ የንጉሡን የበጋ ቤተ መንግሥት አቃጠለ። በሰሜን መንግሥቱን እየደበደቡ በደቡብ ጠላቱን ይመቱለታል። እብደት ይመስላል፣ አይደለም። ከመንግሥቱ የፈለጉትን ውል በጠብመንጃ ካስፈረሙ በኋላ፣ ካሳውን የሚከፍል አንድ መንግሥት በሕይወት መቆየት ነበረበት። አማጽያኑ ደግሞ ኦፒየም ከልክለዋል።

እዚህ ጋ የእኛ አገር ታሪክ የሚያውቀው ሰው ይመጣል። የሻንጋይ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ዋርድ በሚባል አሜሪካዊ የሚመራ ቅጥር ጦር አቋቁመው ነበር፤ «ሁልጊዜ አሸናፊው ጦር» የሚል ስም ወጣለት። ዋርድ በ1862 ተመትቶ ሞተ። በ1863 ቦታውን የያዘው ቻርልስ ጎርደን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነው። አዎ፣ ጎርደን ፓሻ! በ1879 የግብፅን ጉዳይ ይዞ ደብረ ታቦር ድረስ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘንድ የመጣው፣ በጥር 1885 ካርቱም ላይ ድርቡሾች የገደሉት ያው ሰውዬ። እንግሊዞች እስከ መጨረሻው «ቻይናዊው ጎርደን» እያሉ ነው የጠሩት፣ ስሙን የሠራው የሊን ከተሞች በማስመለስ ነውና። መድፍ የጫነች የእንፋሎት ጀልባውን በቦዩ ውስጥ እየነዳ ምሽጉን ከጀርባ ይመታል። በታኅሣሥ 1863 የሱጆ አዛዦች አንዱን ባልደረባቸውን ገድለው እጃቸውን ሰጡ፣ ጎርደን ሕይወታችሁ አይነካም ብሏቸው ስለነበር። የመንግሥቱ ሹም ሊ ሆንግጃንግ ግን ተቀብሎ አረዳቸው። ጎርደን በንዴት አበደ፣ ከቤጂንግ የተላከለትን 10,000 ቴል (የቻይና የብር ሚዛን ነው) ብር አልቀበልም አለ። ሟቾቹ ግን ሞተዋል።

እስካሁን ሊን አሞካሽቻለሁ፤ አሁን ልውቀሰው። ያንግትዜ ወንዝ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ላይኛውን ውሃ የያዘ እህልና ጦር በጀልባ ጭኖ ቁልቁል ይለቃል፤ ታችኛው ላይ ያለ ይጠብቃል። አንቺንግ የምትባለው ከተማ የናንጂንግ የላይ በር ነበረች፣ የመንግሥቱ ዋና ጦር መሪ ዜንግ ጉዎፋንም ይህን ስለገባው ሌላ ነገር ሁሉ ትቶ እሷን ከበበ። ዜንግ የገበሬ ቤት ልጅ ነው፣ ግን ፈተናውን ያለፈ ምሁር፤ የሁናን ገበሬዎችን መልምሎ፣ ጥሩ ደመወዝ እየከፈለ፣ በዘመድና በጎረቤት አስተሳስሮ ጦር ሠራ። በሁለቱም በኩል የሚተላለቀው ገበሬ መሆኑ ነው። አንቺንግን ለማዳን በ1861 ቼን በሰሜን፣ ሊ በደቡብ ሆነው ላይ ድረስ ዘልቀው ጠላትን ሊያስደነግጡ ተስማሙ። ቼን በመጋቢት ደረሰ። ሊ የደረሰው በሰኔ ነው። መንገድ ላይ አዲስ ምልምል ሲሰበስብ ቆየ፣ ደርሶም ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። ልቡ ምሥራቅ ነው፣ ሱጆና ሃንግጆ። በመስከረም አንቺንግ ወደቀች። ቼን ተከድቶ በ1862 ተቆራርጦ ተገደለ፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመት አልሞላውም። ሊ በ1861 መጨረሻ ሃንግጆን ዳግም ይዞ ነበር፤ ራሱን ሰቅሎ የሞተውን ጠላቱን አገረ ገዢ አስከሬን ሣጥን አስገብቶ፣ ጀልባና የመንገድ ገንዘብ ሰጥቶ ሸኘው። ጨዋነቱ ያስመሰግናል። ጦርነቱ ግን ያለቀው ላይኛው ውሃ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በ1862 የዜንግ ወንድም ጉዎቹዋን ናንጂንግ ደጃፍ ላይ ሰፈረ። ሆንግ ሊን ጠራው፣ አሁንም ጠራው፣ በቀን ሦስት ደብዳቤ። ሊ መጥቶ አርባ ስድስት ቀን ቢደበድብም ምሽጉን መስበር አቃተው፤ ብርድ መጣ፣ ወታደሩ የክረምት ልብስ የለውም። በ1863 ወንዙን ሲሻገር ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አለቀበት። በዓመቱ መጨረሻ ሆንግ ፊት ቀርቦ ከተማዋን ትተን እንውጣ አለው። ሆንግ እኔ በእግዚአብሔርና በኢየሱስ ትዕዛዝ የመጣሁ ነኝ፣ ጦሬ ከውሃ ይበዛል አለ። የሚበላ የለም ሲባል ደግሞ ጣፋጭ ጤዛ ብሉ አለ። አረም ማለቱ ነው። ራሱም ከግቢው ነቅሎ በላ። በሰኔ 1 ቀን 1864 ሞተ። የአሥራ አራት ዓመት ልጁ ነገሠ።

ሐምሌ 19 ግንቡ በባሩድ ተናደ። ሊ ልጁን ንጉሥ ይዞ በሌሊት በጦር ማሃል ጥሶ ወጣ። የልጁ ፈረስ አይረባም ነበርና የራሱን ጥሩ ፈረስ ሰጠው፣ ደካማዋን ወሰደ። ደካማዋ ፈረስ ቆመች። ልጁ ራቀ፣ ሊ ቀረ።

አንድ ኮረብታ ላይ ፍርስራሽ ቤተ መቅደስ አገኘ። የያዘውን ወርቅና ጌጥ በጨርቅ ቋጥሮ ዛፍ ላይ ሰቀለና ትንሽ አረፍ አለ። መንደርተኞች ሲመጡ ድንግጥ ብሎ ሮጠ፣ ጨርቁን ረሳው። ተከታትለው ደረሱበት፣ አወቁት። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ደብቀውም አሳደሩትና ተላጭ ብለው ለመኑት፣ ግንባርህን ካልተላጨህ አንድ ኬላ አታልፍም አሉት። እዚህ ጋ ነው የፀጉሩ ነገር። መላጨት ማለት ለማንቹ መገዛት ነው፤ የወደቀ መንግሥት ትልቅ ሹም ሆኜ እንዴት ብሎ አንገራገረ። መጨረሻ ላይ ስስ አድርጎ ትንሽ ተላጨ። ማሃል ላይ ግን የጌጡ ወሬ ወጥቷል፤ ሌሎቹ ድርሻችንስ ብለው ከደበቁት ጋር ተጣሉ። በጠቡ መሃል ተጠቆመ። ተያዘ።

ጉዎቹዋን ፊት ሲቀርብ የእጁንና የጭኑን ሥጋ በቢላ አስቆረጠው፣ የነበሩ ሰዎች እንደጻፉት ሰውየው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ታላቅ ወንድሙ ዜንግ ጉዎፋን መጣ። ሊ በእንጨት ቀፎ ውስጥ ሆኖ፣ በዚያ ሐምሌ ሙቀት፣ ቃሉን ጻፍ ተባለ። ዘጠኝ ቀን ገደማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፊደላት ጻፈ። ከሰል አክሳይ ሳለ ስለበላውና ስላልበላው፣ ስለ ዘመቻው፣ ንጉሡ በሺዎች ስለሾማቸው ትርፍ ንጉሦች፣ መንግሥታችን ስለሠራቸው አሥር ስህተቶች። ዜንግንም አሞገሰ፣ ብታኑን ወታደር ሰብስቤ እጁን እንዲሰጥ ላድርግ ብሎ ጠየቀ። ከሃዲ ያስባለው ይሄ ነው።

ዜንግ ጽሑፉን በቀይ ቀለም እየሰረዘ አስተካክሎ አሳተመ፣ ዋናውን ግን ቤቱ ደበቀው። ልጅ ልጆቹ እስከ 1962 አላወጡትም፣ ያኔ ታይዋን ላይ በፎቶ ታተመ። ሉዎ አርጋንግ የሚባል የጓንግሺ ታሪክ ተመራማሪ ዕድሜውን በዚህ ጽሑፍ ላይ ጨረሰ፣ የአገሩን ሰው አነጋገር ከፊደል ስህተቱ ሳይቀር ስለሚያውቀው። ሊ እጅ የሰጠው ለማታለል ነው፣ ጊዜ ሊገዛ ፈልጎ ነው ይል ነበር። በ1963 ደግሞ ቺ ቤንዩ የተባለ ጸሐፊ ይሄ ክህደት ነው ብሎ ተነሳ፤ ማኦም «ታማኙ ንጉሥ ታማኝ አልነበረም» ብሎ አከለበት ይባላል፤ ያኔ ጨዋታው ስለ ሊ መሆኑ ቀርቶ ዛሬ ማን ከሃዲ ነው ወደሚለው ዞረ። እኔን ብትጠይቁኝ አንገቱን ለሚቆርጠው ሰው የሚጽፍ ሰው ሁለት ነገር አንድ ላይ ይጽፋል፣ እውነቱንና ያድነኛል ያለውን። የትኛው መስመር የትኛው እንደሆነ መለየት ከባድ ነው። ስለ ድህነቱ የጻፈው ግን ማንንም አያባብልም።

ነሐሴ 7 ቀን 1864 አንገቱ ተቆረጠ። ከቤጂንግ ወደዚህ ላኩት የሚል ትዕዛዝ ነበር፣ ዜንግ አልጠበቀም። ለምን እንደቸኮለ ለንጉሡ ሲያስረዳ ሁለት ነገር ጻፈ። አንደኛው፣ ሌላ የተማረከ አማጺ እስር ቤት መጥቶ ሊን ሲያይ በእስረኛው ፊት ተንበርክኮ ሰላም ማለቱ ነው። ሁለተኛው፣ ሊን ከያዙት ወታደሮች አንዱን መንደርተኞቹ አፍነው ወስደው፣ ገድለው ውሃ ውስጥ መክተታቸው ነው።